በፊልም ዕቃ ላይ ያለ የማሽን ቁራጭ ከምን እንደመጣ እንዴት ይለያል?

የፊልም ዕቃ ሠሪዎች ሁሉንም ነገር ከባዶ አይሠሩም። ጊዜውም ገንዘቡም የለም። ስለዚህ ያገኙትን ቁራጭ ይገጣጥማሉ፣ ቀለም ይቀባሉ፣ ካሜራ ፊት ያቀርቡታል። ተመልካቹ የወደፊት ዘመን መሣሪያ ያያል። ዕቃው ግን ትናንት የካሜራ ፍላሽ፣ የሞተር ቧንቧ ወይም የቡና መፍጫ ነበር።

ያን ዕቃ አስመስሎ መሥራት የሚፈልግ ሰው ቶሎ የሚገጥመው ጥያቄ «ይቺ ቁራጭ ምንድን ናት?» የሚል ነው። መልሱ ከተገኘ ልኩም፣ ብረቱም፣ አጨራረሱም አብረው ይገኛሉ። ካልተገኘ በግምት ነው የምትሠሩት። ግምት ደግሞ ያሳብቃል።

በምሳሌነት የምወስደው «ስታር ዋርስ» በተሰኘው የ1977 ፊልም ላይ ኦቢ-ዋን ኬኖቢ የያዘውን የብርሃን ሰይፍ እጀታ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ለዚህ ሥራ ከእሱ የተሻለ ማስተማሪያ አላውቅም። የፊልሙ የቀረጻ ቦታ ዝግጅት ባለሙያ የነበረው እንግሊዛዊው ሮጀር ክርስቲያን የተጣለ የአውሮፕላን ቁርጥራጭ በርካሽ እየገዛ ነበር የሚሠራው። በኦቢ-ዋን እጀታ ላይ ምንም የማይገናኙ ነገሮች ተሰካክተዋል። ከላይ ያለው ከሮልስ ሮይስ ደርዌንት የጄት ሞተር የወጣ ቧንቧ ነው። መያዣው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከጠመንጃ ይተኮስ የነበረ የእንግሊዝ ቦምብ አካል ነው። ከዚያ ግራፍሌክስ ከተባለ የድሮ ካሜራ ፍላሽ የተወሰደ ማሰሪያ አለ። ቀጥሎ የብራውኒንግ የአውሮፕላን መትረየስ አፍ ላይ የሚገጠም ቁራጭ ይመጣል። መጨረሻው ደግሞ የእንግሊዙ አርሚታጅ ሻንክስ የሠራው የቧንቧ መክፈቻ ነው። አዎ፣ የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ።

እነዚህ ቁራጮች በአንድ ቀን አልታወቁም። ብዙ አፍቃሪዎች ዓመታት ፈጅተው አንድ በአንድ ነው የለዩዋቸው። የሄዱበት መንገድ ለማንኛውም ፊልም ይሠራል።

አንደኛ፦ ፎቶ ሰብስቡ፣ ግን ለዩ

ከፊልሙ ላይ የተወሰደ ምስል ብቻውን አይበቃም። ተዋናዩ ይንቀሳቀሳል፣ ምስሉ ይደበዝዛል፣ መብራቱም ጠርዙን ይበላዋል። የተሻሉት በቀረጻ ወቅት ለማስታወቂያ የተነሱ ፎቶዎች ናቸው። ከዚያ በኤግዚቢሽንና በጨረታ የወጡ ፎቶዎች ይመጣሉ። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በኤግዚቢሽን የሚታየው ዕቃ በካሜራ ፊት የነበረው ላይሆን ይችላል።

ለአንድ ፊልም ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ዕቃ ይሠራል። አንዱ በቅርብ ለሚቀረጽ ትዕይንት የተዘጋጀ ጥሩው ነው። ሌላው ለመውደቅና ለመሮጥ የሚሆን ከጎማ ወይም ከፕላስቲክ የተቀዳ ነው። በተከታዩ ፊልም ላይ ደግሞ እንደገና ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የራሱን ፎልደር ክፈቱ። የሁለት ዕቃ ፎቶ አደባልቆ አንድን ቁራጭ መፈለግ ብዙ ሰው መንገድ ያስታል። «ቀዳዳው እዚህ አለ፣ እዚያ የለም» እያላችሁ ግራ ከተጋባችሁ ምናልባት የምታዩት ሁለት የተለያየ ዕቃ ነው።

ሁለተኛ፦ ዘመኑንና ቦታውን አጥሩ

የት ተቀረጸ? መቼ? ይህ ጥያቄ ፍለጋውን በአንዴ ያጠበዋል። ቁራጩ ከቀረጻው በፊት የተሠራ መሆን አለበት። ዕቃ ሠሪው በቀላሉ ሊደርስበት በሚችል ቦታም መገኘት አለበት።

የኦቢ-ዋን ሰይፍ የተሠራው ለንደን አካባቢ ላለው ኤልስትሪ ስቱዲዮ ነው። በ1976 እንግሊዝ ውስጥ በርካሽ የሚገኘው ምንድን ነው? የጦርነት ዘመን ትርፍራፊ፣ ከአገልግሎት የወጡ የመጀመሪያዎቹ ጄቶች አካል፣ የቤት ቧንቧ። ደርዌንት ግሎስተር ሚቲዮር የተባለውን የእንግሊዝ ተዋጊ ጄት ያበርር የነበረ ሞተር ነው። አውሮፕላኖቹ ከሥራ ሲወጡ ሞተሮቹ ቁርጥራጭ ብረት ሆኑ። የዚሁ ሞተር ማቃጠያ ክፍል በተከታዩ ፊልም ላይ የአይጂ-88 ሮቦት ጭንቅላት ሆኗል። ከዚህ የምንማረው አለ። በአንድ ዕቃ ላይ የአንድ ማሽን ቁራጭ ከተገኘ፣ በሌሎቹ ዕቃዎች ላይም የዚያው ማሽን ቁራጭ መኖሩን ፈልጉ። ዕቃ ሠሪው የገዛውን ክምር እስኪያልቅ ነው የሚጠቀምበት።

አሜሪካ ውስጥ በተሠራ ፊልም ላይ ከሆነ ክምሩ ሌላ ነው። በ1984ቱ «ጎስትባስተርስ» ፊልም ተዋናዮቹ በጀርባቸው የተሸከሙት ማሽን የአሜሪካ ጦር የጀርባ ሻንጣ ፍሬም ላይ የታሰረ ነው። በላዩ የአየር ግፊት መገጣጠሚያዎችና ወርቅማ ቀለም ያላቸው ትልልቅ ሬዚስተሮች (የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚገቱ ቁራጮች) አሉበት። ከኢንዱስትሪ ዕቃ መደብር የሚገዛ ነገር ነው።

ሦስተኛ፦ ልኩን ከፎቶው አውጡ

መጀመሪያ ሚሊ ሜትር አትፈልጉ። ንጽጽር ይቅደም። የቁራጩ ርዝመት ለወርዱ ስንት እጥፍ ነው? ቀለበቶቹ የተራራቁት በምን ያህል ነው? ንጽጽር ፎቶው ቢተልቅም ቢያንስም አይለወጥም።

ግን ዕቃው ወደ ካሜራው ዘንበል ካለ ርዝመቱ ያጥራል። ይህን ማረም ቀላል ነው። የክብ ቁራጭ አፍ በፎቶ ላይ እንደ እንቁላል ይታያል። የእንቁላሉን ጠባብ ወርድ በሰፊው አካፍሉ። ግማሽ ከመጣ ዕቃው 30 ዲግሪ ዘንብሏል ማለት ነው። ርዝመቱም ከእውነተኛው 87 በመቶ ያህል ሆኖ ነው የሚታየው። ስለዚህ የለካችሁትን ለ0.87 ታካፍላላችሁ። ጠባቡ ወርድ የሰፊው አንድ ስድስተኛ ብቻ ከሆነ ግን ዝንባሌው 10 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስህተቱ ከ2 በመቶ በታች ስለሆነ እለፉት።

ቀጥሎ መጠኑ። በዚያው ፎቶ ላይ ልኩ የሚታወቅ ነገር ያስፈልጋል። የተዋናይ እጅ አይሆንም፤ እጅ ከሰው ሰው ይለያያል። የግራፍሌክስ ፍላሽ መያዣ ግን በውስጡ ሦስት ትልልቅ የባትሪ ድንጋይ ይይዛል። የአንዱ ድንጋይ ወርድ 34 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 61 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ቱቦው ከዚያ ጥቂት ይሰፋል። በዚያው ፊልም ላይ የሌላው ጀግና የሉክ ስካይዎከር ሰይፍ እጀታ ሙሉ የግራፍሌክስ ቱቦው ስላለበት ልኬቱ ቀላል ነው። በኦቢ-ዋን እጀታ ላይ ያለው ማሰሪያው ብቻ ነው። ማሰሪያ ሲጠብቅ ዙሪያው ያንሳል፣ የብረቱ ወርድና የቁልፎቹ መጠን ግን አይለወጥም። መለኪያ አድርጋችሁ መያዝ ያለባችሁ ይህን የማይለወጠውን ነው።

አራተኛ፦ ቁራጩ ድሮ ምን ይሠራ እንደነበር ጠይቁ

የሥራው ልብ ይህ ነው። እስካሁን ያለው ሁሉ ለዚህ ዝግጅት ነበር።

አብዛኛው ሰው የሚፈልገው መልክ ነው። «የሰይፍ መያዣ የሚመስል ብረት» እያለ ያስሳል። አያገኝም፤ ምክንያቱም ቁራጩ ሰይፍ ሆኖ አያውቅም። ፋብሪካ ያለ ምክንያት ብረት አይቆርጥም። እያንዳንዱ ቀዳዳ፣ ጉድጓድና ቀለበት ገንዘብ ያስወጣል። ስለዚህ ሁሉም ሥራ ነበረው። ዕቃው በፊልሙ ውስጥ ምን እንደሆነ ለጊዜው ርሱት።

ለዚህ አንድ ዘዴ አለ። ቁራጩን ብቻውን ከፎቶው ቁረጡት። ገልብጡት፣ ወደ ጎን አዙሩት፣ ቀለሙን አጥፍታችሁ ጥቁርና ነጭ አድርጉት። ያኔ የኦቢ-ዋን እጀታ ጫፍ ጌጥ መሆኑ ይቀራል። ዙሪያውን ጎድጎድ ያለ፣ ለእርጥብ ጣት የሚመች፣ የሚዞር ነገር ይሆናል። የቧንቧ መክፈቻ!

መያዣው ደግሞ ተቃራኒ ትምህርት ይሰጣል። የተሸነሸነ ስለሆነ ለእጅ ተብሎ የተሠራ ይመስላል። አይደለም። ቦምብ ነበር፤ አካሉ የተሸነሸነው ሲፈነዳ እንዲበታተን ነው። «ይሄ እጅ እንዳያንሸራትት ነው» ብሎ የጀመረ ሰው የእጅ ባትሪና የሞተር ብስክሌት መሪ ሲያገላብጥ ይኖራል። የላይኛው ቧንቧም እንዲሁ ነው። ጠርዙ ሰፋ ብሎ መሀሉ የቀጠነው ለውበት አይደለም። በደርዌንት ሞተር ላይ ብዙ የማቃጠያ ክፍሎች በክብ ተደርድረዋል። እንዲህ ያለው ቧንቧ ጎረቤት የሆኑትን ክፍሎች አገናኝቶ ግፊታቸውን ያመጣጥናል። ሙቀት ስለሚፈራረቅበትም ብረቱ ጠንካራ ነው።

ቁራጩን ስታዩ እነዚህን ጠይቁ።

ከውጭ ቀጫጭን ክንፎች አሉት? ምናልባት ሙቀት ያስወጣ ነበር። ዙሪያውን ጠባብና ጥልቀቱ እኩል የሆነ ቦይ አለው? የጎማ ማሸጊያ ቀለበት ተቀምጦበት ይሆናል፤ ዘይት፣ ውሃ ወይም አየር አለ ማለት ነው። ሰፊ ጠርዝ ላይ እኩል የተራራቁ ቀዳዳዎች ካሉ በብሎን ከሌላ ነገር ጋር ይታሰር ነበር። ቀዳዳዎቹ እኩል ካልተራራቁ ሆን ተብሎ ነው፤ ዕቃው በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲገባ ተፈልጎ ይሆናል። ይህ ለመለየት በጣም ይረዳል። ዳዶ የሚመስል ስድስት ጎን ካለው ደግሞ በመፍቻ ይፈታ ነበር።

አሠራሩንም አንብቡ። በቶርኖ የተሠራ ብረት ላይ ቀጫጭን የክብ መስመሮች ይታያሉ። በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ከሆነ ገጹ ሻከር ይላል፣ ሁለቱ የቅርጹ ግማሾች የተገናኙበት መስመርም ይቀራል። ከላሜራ የተጨፈለቀ ከሆነ ጠርዙ ዙሪያውን እኩል ስስ ነው፣ ማዕዘኖቹም ክብ ናቸው። ፕላስቲክ ከሆነ ስሱ የመገጣጠሚያ መስመር አለ። አሠራሩ ብዛቱን ይናገራል። ለቅርጽና ለፕሬስ ወጪ የሚያወጣ ፋብሪካ በብዛት የሚያመርት ነው። ስለዚህ ተመሳሳዩ የሆነ ቦታ አለ።

በዕቃው ላይ ጽሑፍ ካለ ዕድለኛ ናችሁ። ሙሉ ቃል ባይነበብ እንኳ የፊደሉ ቁመት፣ የቁጥሩ አሰላለፍና ሰረዙ ያለበት ቦታ ይጠቅማል። በእንግሊዝ መንግሥት ንብረት ላይ የቀስት ምልክት ይታተም ነበር። የፓተንት ቁጥር ከተገኘ ግማሹ ሥራ አለቀ። የፓተንት ሰነዶች ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛሉ፤ ሥዕላቸውም ዕቃውን ከነሥራው ያሳያል።

አምስተኛ፦ በሥራው ስም ፈልጉ

አሁን «ሰይፍ» ሳይሆን «የጄት ሞተር ማገናኛ ቧንቧ» ነው የምትፈልጉት። ፍለጋው ቁራጩ በተሠራበት አገር ቋንቋ ይሁን። የጀርመን ዕቃ በጀርመንኛ፣ የጃፓን ዕቃ በጃፓንኛ። የድሮ ካታሎጎች፣ የጥገና መጽሐፎችና ማሽኑ ተበታትኖ የሚታይባቸው ሥዕሎች ከፎቶ ይሻላሉ። ምክንያቱም እያንዳንዷ ቁራጭ በቁጥርና በስም ተለይታ ትቀመጣለች። ስልክ ላይ ያለው በፎቶ የመፈለጊያ ዘዴም ይሞከር፣ ግን ሙሉውን ዕቃ ከሰጣችሁት የፊልሙን ፎቶ ነው የሚመልስላችሁ። ቁራጩን ብቻ ቆርጣችሁ ስጡት።

ከሁሉ በላይ ግን ባለሙያ ጠይቁ። የቧንቧ ሠራተኛ፣ የአውሮፕላን ቴክኒሺያን፣ የድሮ ካሜራ ጠጋኝ። ፊልሙን አትንገሯቸው። የፊልሙን ስም ከሰሙ እንደ እናንተው መገመት ይጀምራሉ። ቁራጩን ብቻ አሳዩና «ይሄ የምን ይመስልሃል?» በሉ። አዲስ አበባ ያላችሁ መርካቶ ምናለሽ ተራ ሂዱ። እዚያ ያሉ ሰዎች ኑሯቸው የተጣለ ብረትን ወደ ሌላ ዕቃ መለወጥ ነው። አንድ ጠርዝ አይተው የምን ሞተር እንደሆነ ለመናገር የሚችሉ እጆችና ዓይኖች ናቸው። ይህን እውቀት የሚያህል ካታሎግ የለም። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ የአቪዬሽን ሙዚየሞችና የእሑድ የአሮጌ ዕቃ ገበያዎች አሏችሁ። የሙዚየም በጎ ፈቃደኞች ብዙዎቹ ጡረታ የወጡ መካኒኮች ናቸው፤ ስለ ሞተር ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንዴ አንድ ቁራጭ የመሰላችሁ ሁለት ነው። «ብሌድ ራነር» በተባለው የ1982 ፊልም ላይ ያለው ሽጉጥ የአንድ የኦስትሪያ ጠመንጃ አካልና የአንድ የአሜሪካ ሪቮልቨር ተጣምረው የተሠራ ነው። ፍለጋችሁ ደጋግሞ «ከፊሉ ይመስላል፣ ከፊሉ አይመስልም» ላይ ከቆመ መጋጠሚያውን ፈልጉ።

ስድስተኛ፦ ያገኛችሁትን ለማፍረስ ሞክሩ

የሚመስል ነገር ሲገኝ ልብ ይዘላል። ልክ እዚህ ላይ ቁሙ። አሁን ሥራችሁ «አይደለም» የሚያሰኝ ምክንያት መፈለግ ነው።

ቀዳዳ ቁጠሩ። ቀለበት ቁጠሩ። በተመሳሳይ አቅጣጫ፣ ከተመሳሳይ ርቀት ፎቶ አንሱና በፊልሙ ፎቶ ላይ አንዱን በሌላው ደርቡት። የፊልሙ ፎቶ ርቀት ካልታወቀ ከሩቅ ሆናችሁ አቅርባችሁ ብታነሱ ይሻላል፤ በጣም ተጠግቶ የተነሳ ፎቶ የቅርቡን ክፍል ያሳብጠዋል። እርስ በርስ የማይገናኙ ቢያንስ ሦስት ምልክቶች መግጠም አለባቸው። ለምሳሌ ወርዱ፣ የቀለበቶቹ ርቀትና የቀዳዳው ቦታ። አንድ ብቻ ከገጠመ ዘመድ አገኛችሁ እንጂ ራሱን አላገኛችሁም። ያው ፋብሪካ ያንኑ ዕቃ በየዓመቱ ጥቂት እየቀየረ ሊያመርት ይችላል።

ልዩነት ሲገኝ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለ። ልዩነቱ ዕቃ ሠሪው ያደረገው ሊሆን ይችላል? መቁረጥ፣ መብሳት፣ ማጣበቅና መቀባት ይቻላል። በሉክ እጀታ ላይ ማሰሪያው ውስጥ የተሰካችው ግልጽ ፕላስቲክ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ኤግዛክትራ ካልኩሌተር ቁጥሮች ላይ ያለች ማጉያ ናት። ፍላሹ ላይ የነበረች አይደለችም፤ ተጨምራ ነው። እንዲህ የተጨመረ ወይም የተቀነሰ ነገር ግኝታችሁን አያፈርስም። ግን የፋብሪካው ቀዳዳ ሌላ ቦታ ተገኝቶ የድሮው ቀዳዳ ግን የተደፈነ ካልመሰለ፣ ያ ቁራጭ አይደለም።

በእጃችሁ ናሙና ካለ የብሎኑን ወይም የመጠምዘዣውን ጥርስ ለኩ። የእንግሊዝ የድሮ ዊትዎርዝ ብሎን የጥርሱ ማዕዘን 55 ዲግሪ ነው፤ የሜትሪክና የአሜሪካው 60። በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ጥርስ እንዳለ ቁጠሩ። የቧንቧ ጥርስ ደግሞ በስሙ አይለካም። «ግማሽ ኢንች» የሚባለው የውሃ ቧንቧ ጥርስ ውጫዊ ወርዱ 21 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በኢንች 14 ጥርስ አለው። በፎቶ ላይ 21 ሚሊ ሜትር ካገኛችሁ የቧንቧ ሰው ጋ ሂዱ።

ሰባተኛ፦ ከመንካታችሁ በፊት

ይህን ክፍል እንዳትዘሉት እለምናለሁ።

የጦር መሣሪያ ቁራጭ መሆኑ ከታወቀ እውነተኛውን አትፈልጉ። የቦምብ አካል «ባዶ ነው» ተብሎ ቢሸጥም ባለሙያ ሳያረጋግጠው አይነካም። አገራችን ውስጥ ጦርነት ባለፈበት ቦታ ሁሉ ያልፈነዳ ነገር ሊኖር ይችላል። ከመሬት የተገኘ እንዲህ ያለ ብረት አይነሳም፣ አይቆረጥም፤ ለፖሊስ ይነገራል። የመሣሪያ ክፍሎችን በፖስታ ማስመጣትም በብዙ አገር በሕግ ያስጠይቃል። ቅጂውን ከአሉሚኒየም ወይም ከፕላስቲክ መሥራት ይበቃል።

በጨለማ እንዲያበሩ ተደርገው የተሠሩ የድሮ የአውሮፕላን ጌጆች ራዲየም የተቀባባቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ብርሃኑ ቢጠፋም ጨረሩ አለ። አትክፈቷቸው። ከድሮ የጄት ሞተሮች የወጡ አንዳንድ ቀላል የማግኒዥየም ቅልጥ ብረቶች ጨረር የሚያመነጭ ቶሪየም አለባቸው፤ አይሞረዱም፣ በአሸዋ ወረቀትም አይፈገፈጉም። የሙቀት መከላከያ የሆነ የድሮ ጨርቅ ወይም ገመድ ብናኙ ሳንባ የሚጎዳው አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል።

ስምንተኛ፦ መሥራት

እውነተኛው ቁራጭ ብርቅ ከሆነ አትቁረጡት። የግራፍሌክስ መያዣዎች ለፎቶ ጋዜጠኞች የተሠሩ ታሪካዊ ዕቃዎች ናቸው። ከፊልሙ የተነሳ ብዙዎቹ ተበስተዋል፣ ዋጋቸውም ንሯል። የድሮ ካሜራ ሰብሳቢዎች ማዘናቸው ተገቢ ነው። ተውሳችሁ በካሊፐር (ወርድ በትክክል በሚለካ መሣሪያ) ለኩና መልሱ። እያንዳንዱን ወርድ ሦስት ቦታ ላይ ለኩ፤ የድሮ ቱቦ ፍጹም ክብ አይደለም።

ከዚያ ሥዕሉን ለቶርኖ ቤት ስጡ። በሥዕሉ ላይ ከልኩ በተጨማሪ ቁራጩ ድሮ ምን እንደነበር ጻፉበት። ለባለ ቶርኖው «ይሄ ጎማ ይቀመጥበት የነበረ ቦይ ነው» ካላችሁት ጠርዙን ስል አድርጎ ይተወዋል። «ይሄ ሰው በእጁ የሚያዞረው ነው» ካላችሁት ደግሞ ያለሰልሰዋል። 3ዲ ማተሚያ ያላቸው መጀመሪያ በፕላስቲክ አትመው ከፎቶው ጋር ያመሳክሩ፤ ብረት ከተቆረጠ በኋላ ማረም ውድ ነው።

ስትጨርሱ ለእያንዳንዱ ቁራጭ አጭር ማስታወሻ አስቀምጡ። ምን እንደሆነ፣ በየትኛው ፎቶ እንደተረጋገጠ፣ የትኞቹ ምልክቶች እንደገጠሙና ያልገጠመው የቱ እንደሆነ ይጻፍ። የተረጋገጠውና የሚገመተው በተለያየ ቀለም ይሁን። ከእናንተ በኋላ የሚመጣ ሰው የቀረችውን ቁራጭ ፍለጋ ከዚያው ይቀጥላል።